ዕቃው እንከን የለበትም

ሰውየውን ያገኘው ዕቃ አድራሹ ሞተረኛ ነው። ሰኞ ቀን ከሰባት ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ የከሰዓቱን እሽግ ሊጭን መጋዘኑ ገባ። ባለ ሱቁ ከምሳ በኋላ ሁሌ በሚያሸልብበት ወንበር ላይ ነበር፤ የዛሬው ግን ማሸለብ አይደለም። ሁለት እጁ ከወንበሩ ክንዶች ጋር በማሸጊያ ፕላስተር ተጠፍሯል። ራሱ ላይ ሳሳ ያለ የጨርቅ ከረጢት ተደፍቶበታል፤ አፉ ባለበት በኩል ፕላስተር ሁለት ጊዜ ዞሮበታል። የቀኝ አውራ ጣቱ ከሥሩ ተበጥቶ ደሙ ወለሉ ላይ ረግቷል። ጎረቤት ያለው ብረት ቤት ማሽኑን እያስጮኸ ሲቆርጥ ስለዋለ፣ ባለ ሱቁ በአፍንጫው የቻለውን ያህል ቢያቃስትም ማንም አልሰማውም።

ሰንጢው ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከሱቁ ሰንጢዎች አንዱ ነው። ባለ ሱቁ ጭን ላይ ደግሞ፣ ደም እንዳይነካት ተብሎ ወደ ጉልበቱ ፈንጠር ብላ የተቀመጠች ወረቀት አለች። እንዲህ ትላለች፦ «ዕቃው እንከን የለበትም። በአግባቡ ይጠቀሙ። ስለመረጡን እናመሰግናለን።»

ወረቀቷ የሱቁ የራሱ ናት። ሰውየው በስልክ ነው የሚነግደው፤ ፎቶ ያሳያል፣ ደንበኛው ያዛል፣ ሞተረኛው ያደርሳል። ዕቃው ተበላሸብኝ ብሎ ለጮኸ ሁሉ የምትላከው መልስ ይቺ ወረቀት ናት።

ምርመራው ለኢንስፔክተሯ ደረሰ። ኢንስፔክተሯ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ በኮንስታብልነት ገብታ አንድ በአንድ እዚህ የደረሰች ሴት ናት። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጊዜም ይወስድባታል። ከኋላዋ «መዥገሯ» እንደሚሏት ታውቃለች፤ ከፍቷትም አያውቅም። እንደውም አንድ ጊዜ ሳጅኑ አፉ አምልጦት ፊት ለፊቷ ሲላት፣ «ከያዝኩ አልለቅም ለማለት ነው አይደል?» ብላ አልፋዋለች።

ሳጅኑ ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር የቀረው፣ ሆዱ ቀበቶውን ያሸነፈ ሰው ነው። የሠራተኞቹን ቃል የተቀበለው እሱ ነበር። ሦስት አሻጊዎችና አንዲት የተመላሽ ዕቃ ተቀባይ፣ አራቱም ሴቶች፣ ከስድስት ተኩል ጀምሮ ጥግ ያለው ምግብ ቤት አብረው ነበሩ። ተቀባይዋ መሀል ላይ ተነስታ ለታመመ ወንድሟ መድኃኒት ልትገዛ መድኃኒት ቤት ሄዳለች፤ የመድኃኒት ከረጢቷን ይዛ ተመልሳለች። ሳጅኑ ከአራቱም ስም ጎን ምልክት አድርጎ ጨርሷል።

ኢንስፔክተሯ ግን ፕላስተሩን ከወንበሩ ላይ ራሷ ነበረች ያላቀቀችው። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ትንሽ ጆሮ መስሏል። ሰው ሲያስሩ ማን የፕላስተር ጫፍ ያጥፋል ብላ አሰበች። ቆርጣ ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

*

ሠራተኞቹ ባለ ሱቁን ፊት ለፊት ጋሼ፣ ከኋላው አምስት ኮከብ ይሉታል። ደንበኛ ሁሉ ስልኩ ላይ አምስት ኮከብ እንዲሰጠው እስኪሰለች ስለሚለማመጥ ነው። ኢንስፔክተሯ ሐኪም ቤት ስትደርስ እጁ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተኝቷል። ሐኪሙ ጅማቱ እንደተበጠሰ፣ ጣቱ ከእንግዲህ የመታጠፉ ነገር እንደሚያጠራጥር ውጭ ላይ ነግሯታል።

ምን እንዳየ ጠየቀችው። ምንም አላየም። ሲነቃ ከረጢቱ ራሱ ላይ ነበር፤ ሲንፈራገጥ እጁ ታስሯል። የሠራው ሰው ፈጣን ነው፤ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ ነዋ! ሴት እንዲህ ያለ ነገር ይሆንላታል?»

ኢንስፔክተሯ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው።

ከዚያ በግራ እጁ ስልኩን አውጥቶ ደንበኞች ከላኩለት አስተያየቶች አንዱን አሳያት። አንድ ቦርሳ ሰፊ የላከው ነው፦ «ይህን ሰንጢ በሸጥክበት እጅህ ላይ ሞክረው፤ ያኔ ይገባሃል።» ባለ ሱቁ ሌላ ሰው አይጠረጥርም። ሰንጢው ይኸው፣ ዛቻው ይኸው፤ ምን ትጠብቃላችሁ አለ።

*

ቦርሳ ሰፊው ስልሳውን አልፏል። ክፍሉ ጠባብ ናት፤ ቆዳው በአንድ በኩል ተጠቅልሎ ቆሟል፣ መቁረጫ ስለቶቹ በየቁመታቸው ግድግዳው ላይ ተሰክተዋል። ሳጅኑ በላስቲክ የታሸገውን ሰንጢ ሲያሳየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየውና «የኔ ነው» አለ። ሰው እንዲህ ቸኩሎ በራሱ ላይ ሲመሰክር ኢንስፔክተሯ አይታ አታውቅም።

«አባቴ፣ በምን አወቁት?»

«በስለቱ ነዋ ልጄ። እይው፣ የተሳለው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። እኛ የቆዳ ሰዎች ነን እንዲህ የምንስል። ሲላክልኝ ቅቤ አይቆርጥም ነበር። ግማሽ ቀን ድንጋይ ላይ ጎትቼው ስለት አወጣሁለት።» ሰንጢው የሚታጠፍበትን ቦታ በጥፍሩ ጠቆመ። «ስለቱን እኔ አበጀሁለት። ጉልበቱን ግን ማን ያበጅለታል? ትንሽ ጫን ሲሉት ይብረከረካል። ስለዚህ መለስኩት።»

መቼ መለሱት ብትለው ዘጠኝ ቀኑ ነው አላት። በተመላሽ መስኮት፣ ለአንዲት ዝምተኛ ሴት፣ የተመለሰበትን ምክንያት ካርድ ላይ ጽፎ ሰጥቷል። መቀበያ ወረቀት ግን አልሰጡትም፤ ለማንም አይሰጡም። ሰኞ በምሳ ሰዓት የት እንደነበረ ስትጠይቀው እዚሁ ብቻውን ምሳውን ሲበላ እንደነበር ነገራት።

«ማን አየዎት?»

«ቆዳው።»

ሳጅኑ ሳቀ። ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ታይቷት ነበር። ሳጅኑ ለባለ ሱቁ ደውሎ ሰንጢው ተመልሶ እንደሆነ ጠየቀው። ባለ ሱቁም ውሸቱን ነው፣ አንድም ቀን አልተመለሰም፣ የተመለሰ ዕቃም ቢኖር እናቃጥለዋለን እንጂ አናስቀምጥም አለ። ተመላሽ ተቀባይዋን ሲጠይቃት ደግሞ፣ ስለ ተመላሽ ዕቃ እንዳንናገር ታዘናል፣ ጋሼን ጠይቁ ብላ ዘጋችበት።

የጣቢያው ኃላፊ ኮማንደሩ ከሰዓት በኋላ ቦርሳ ሰፊውን አሳሰረው። ዓርብ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል አለ፤ እስከ ዓርብ ሌላ ሰው ካላመጣሽልኝ ሰውየው ይሄው ነው። የቦርሳ ሰፊው ሚስት ምሳ ዕቃ ይዛ መጥታ የጣቢያው በር ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። በማግስቱም እዚያው ነበረች።

ኢንስፔክተሯ ሰኞ ማታ ከቤቷ ሆና ስልኳን አወጣች። ጥቁር እጀታ ያለውን ሰንጢ፣ ያንኑ፣ በራሷ ስም፣ በጣቢያው አድራሻ አዘዘች። የሚነግዱበትን ነገር እንደ ደንበኛ ማየት ፈልጋለች።

*

ማክሰኞ ማስረጃውን ሰንጢ እንደገና አወጣችው። የስፌት መርፌ ጫፍ ላይ ጥጥ ጠምጥማ፣ ስለቱ ሲታጠፍ የሚገባበትን የእጀታውን ቦይ ጠረገች። ጥጡ ቀላ። እስከ ታች ድረስ ደም አለ።

ሳጅኑን ጠራችው። እሱም ቆርጦ ሲያበቃ አጥፎታል፣ ደሙም አብሮ ገብቷል፣ ይኸው ነው አለ።

«ተከፍቶ አይደለም እንዴ የተገኘው?»

«ተከፍቶ ነው።»

«ታዲያ አጥፎ፣ እንደገና ከፍቶ፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው? ለምን ብሎ?»

ሳጅኑ ሆዱን አከከ። የኮማንደሩ መልስ ደግሞ ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር፤ ደሙ የማን እንደሆነ ምርመራው ይናገራል፣ ውጤቱ ግን ከሦስት ሳምንት በፊት አይመጣም፣ ዓርብ ግን ዓርብ ናት።

ወደ ቦርሳ ሰፊው ወርዳ መዳፎቹን ዘርጉልኝ አለችው። እንደ አሮጌ ጫማ ሶል የጠነከሩ መዳፎች ናቸው። አሮጌ ጠባሳ ሞልቷል፤ አዲስ ቁስል ግን አንድም የለም። ለምን እንደሆነ ጠየቃት። ገና አላወቅሁም አለችው፤ እውነቷን ነው።

*

ረቡዕ ጠዋት ሞተረኛው ያዘዘችውን እሽግ ጣቢያው ድረስ አመጣላት። ስልኩ ላይ እንድትፈርም የሞተር ጓንቱን ሲያወልቅ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሰኞ ዕለት ጓንቱን አላወለቀም ነበር። መጀመሪያ መጋዘኑ የገባውም፣ ያገኘሁት እኔ ነኝ ያለውም እሱ ነው። ኢንስፔክተሯ ፈረመችና ቁጭ በል አለችው።

ሰውየው ፊቱ ጨው መሰለ። ውሻ ነው አለ። ሰኞ ስድስት ተኩል ላይ ለአንዲት አሮጊት መጥበሻ ሊያደርስ ሄዶ ውሻዋ እጁን ይዛ አልለቅ አለችው። አሮጊቷ ራሷ ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ክትባት ተወጋ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ጋሼ የቆሰለ ሠራተኛ አይወድም። ሥራዬን ይነጥቀኛል ብዬ ነው።»

ሳጅኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ ተመለሰ። ነርሷ በደንብ ታስታውሰዋለች፤ እስከ ሰባት ሰዓት መርፌ ፈርቶ አልጋው ላይ ሲለማመጣት ነበር። አሮጊቷም መስክራለች። ሳጅኑ ውሻዋን ጭምር አይቷት እንደመጣ፣ እሷም ጥፋቷን ያመነች እንደምትመስል ተናገረ።

ስለዚህ ሞተረኛው ከጥርጣሬ ወጣ። ኢንስፔክተሯ እልኋ ተነስቶ እሽጓን ቀደደች።

ውጭው የሚያምር ካርቶን ነው። ውስጡ ሌላ ትንሽ ሳጥን፣ «አዲስ» የሚል ወርቃማ ወረቀት የተለጠፈበት። ሰንጢው ፎቶው ላይ ሲያበራ ነበር፤ እጇ ላይ ግን ቆርቆሮ ነው። ዳቦ ልትቆርጥበት ሞከረች፤ ዳቦው ተጨመቀ እንጂ አልተቆረጠም። ከእጀታው ቦይ ውስጥ ደግሞ በመርፌዋ አንድ የደረቀ ነገር አወጣች። አሸተተችው። የብርቱካን ልጣጭ ነው።

ሳጅኑ አፉን ከፈተ። «በአዲስ ሰንጢ ማን ብርቱካን ላጠ?»

«ከኔ በፊት የገዛው ሰው ነዋ። ገዛ፣ ሞከረ፣ ተናደደ፣ መለሰ። እኔን አዲስ ነው ብለው ሸጡልኝ።»

ከዚያ አንድ ነገር አደረገች። እጀታውን ስትጨብጥ ከጣቶቿ በፊት፣ ስለቱ ሊታጠፍ በሚችልበት በኩል፣ እርሳስ አስገባች። የስለቱን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ጫን አደረገች። ሰንጢው በአንዴ ተብረክርኮ ተዘጋና እርሳሱ ላይ ጥልቅ ጥርስ አሳረፈ። ይሄ በደነዘ ስለት ነው። ቦርሳ ሰፊው በሳለው ስለት ቢሆን ጣት ላይ የሚደርሰውን አሰበችው።

«ደሙ እንዴት ቦዩ ውስጥ እንደገባ አየህ? ሲቆርጥበት ታጠፈበት። ይሄ ነገር መጀመሪያ የሚነክሰው የያዘውን ሰው ነው። የምንፈልገው አራት ጣቱ ከውስጥ በኩል የተበላ ሰው ነው።»

ልትከድነው ስትል ትንሿን ሳጥን ገለበጠቻት። ከሥሯ በፕላስተር ታሽጋለች። የፕላስተሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ትንሽ ጆሮ።

*

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ወደ መጋዘኑ ሄደች። ራሷን አሟት ስለነበር መንገድ ላይ ኪኒን ልትገዛ ጥጉ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ደረሰች። ተዘግቷል። በሩ ላይ የተለጠፈውን እያንዳንዷን ፊደል በከንፈሯ እየያዘች አነበበች፦ ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ለምሳ ዝግ ነን። ለሁለተኛ ጊዜ አነበበችው። ራስ ምታቷን ረሳችው።

መጋዘኑ ውስጥ ሦስቱ አሻጊዎች ከምሳ ተመልሰው ሥራ ላይ ናቸው። ባዶ እጃቸውን ይሠራሉ፤ እያንዳንዳቸው ጥርስ ያለው የፕላስተር መቁረጫ አላቸው፤ ጫፉ እንደ መጋዝ ሆኖ ነው የሚቀረው። ተመላሽ መስኮቱ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ ግን መቁረጫ የለም፤ አንድ ጥቅል ፕላስተር ብቻ ተቀምጧል። ጫፉ ታጥፏል።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን አንዷን አሻጊ ጠየቀቻት። ጋሼ ለተቀባይዋ መቁረጫ ስላልገዛላት ነው አለች፤ በጥርሷ ነው የምትቆርጠው፣ ቀጥሎ ስትፈልገው ጫፉ እንዳይጠፋባት ታጥፈዋለች። እኛ ሌባ ጣቷ የት እንደዋለ እናውቃለን እያልን እንስቅባታለን፤ የነካችው ነገር ሁሉ ጆሮ ያወጣል።

«ዛሬ የት አለች?»

«ወንድሟን ሐኪም ቤት ልትወስድ አስፈቅዳ ወጣች። ስፌት ይፈታለታል።» አሻጊዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሷም እጇን አሟታል መሰለኝ። ከሰኞ ጀምሮ ጓንት አታወልቅም።»

*

ቤቱ ከከተማው ጫፍ አንድ የችግኝ ጣቢያ አጥር ሥር ነው። ደጁ ላይ በጣሳና በላስቲክ የተተከሉ የፍራፍሬ ችግኞች ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ጠውልገዋል። አንድ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጦ የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር ሊያጋባ ይታገላል። ስለቱን በግራ እጁ ይዟል፤ ማሰሪያውን በጥርሱ ይስባል። ቀኝ አውራ ጣቱ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ቀርቷል፤ ሥሩ ላይ ስፌቱ ዛሬ የተፈታ ቁስል አለ።

ኢንስፔክተሯ ሰላም ብላ ምን እንደነካው ጠየቀችው። ሰንጢ ታጠፈብኝ አለ። እህቱ ያመጣችለት ስጦታ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት የሠራበት አሮጌው ተሰብሮበት ነበርና። ችግኝ ማጋባት ደግሞ በአውራ ጣት ነው፤ ስለቱን ወደ ራስህ እየሳብክ አውራ ጣትህ ላይ ነው የምታቆመው። እሱ ከሌለ አበቃ።

እህቱ ከውስጥ ወጣች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጋለች። ኢንስፔክተሯን ስታይ አልደነገጠችም፤ እንግዳ እንደጠበቀ ሰው ወንበር አወጣች።

«መድኃኒት ቤቱ ሰኞ በምሳ ሰዓት ዝግ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አዎ። መድኃኒቱን የገዛሁት ጠዋት ነው።»

«ጓንትሽን አውልቂልኝ።»

አወለቀች። የቀኝ እጇ አራት ጣቶች ከውስጥ በኩል በአንድ መስመር ተበልተዋል። ራሷ ነበረች የሰፋችው፤ በስፌት ክር።

ወንድሟ ቅርንጫፉን ከእጁ ጣለ። «ምንድነው ይሄ?»

«ወንድም ጋሼ፣ ቁጭ በል።» ከዚያ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች። «እሱ ምንም አያውቅም። አልላከኝም። መጀመሪያ ይሄ ይጻፍልኝ።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈች። ቀስ ብላ ነው የምትጽፈው፤ ሴትየዋም ጠበቀቻት።

የነገረቻት እንዲህ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደጋት፣ ያስተማራት እሱ ነው፣ በዚያ አውራ ጣት። አሮጌው ሰንጢ ሲሰበርበት ልታስደስተው ከምትሠራበት ሱቅ አዘዘችለት። በሦስተኛው ቀን ሰንጢው ታጠፈበት። ከሐኪም ቤት ተመልሳ ደሙን ስታጸዳ ሳጥኑን አነሳችው። ገለበጠችው። ከሥሩ የራሷን ጆሮ አየች።

«ገባሽ?» አለቻት። «የተመለሰ ሰንጢ ነው። ጉልበቱ ላልቷል ብለው ሲመልሱት የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የጠረግኩት እኔ ነኝ። 'አዲስ' የሚለውን ወረቀት በዚህ እጄ ለጥፌ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። እንደዛ ነው የሚያሠራን። የተመለሰ ነገር የሚቃጠል እንዳይመስልሽ።»

ሄዳ ለጋሼ ነገረችው። ወንድሜ ነው አለችው፤ እጁን ቢያይላት፣ የቀሩትን ሰንጢዎች እንኳ ከመደርደሪያው ቢያወርድ። ሰውየው ምሳውን እየበላ ነበር። መሳቢያውን ከፍቶ ከዚያች ወረቀት አንዷን መዝዞ ሰጣት። ለእሷም። ለገዛ ሠራተኛው።

«ያቺን ወረቀት ነው ጭኑ ላይ ያስቀመጥኩለት። ደም እንዳይነካት የተጠነቀቅሁት እንዲያነባት ነው።»

«ሌላ ቢላ አልነበረም?»

«በሌላ ቢላ ልነካው አልፈለግሁም። በራሱ ዕቃ ካልሆነ ምን ዋጋ አለው? ስንቱን ሞከርኩ መሰለሽ። ካርቶን እንኳ አይቆርጡም። አንድ ብቻ ቆረጠ፤ ያ የቦርሳ ሰፊው። ምን ያህል የዋህ ቢሆን ነው እንዲህ ያለ ብረት ላይ ያን ያህል የደከመው አልኩ።» የተሰፉ ጣቶቿን አየቻቸው። «ጅማቱ ጋ ስደርስ ታጠፈብኝ። መልሼ ከፈትኩትና ጨረስኩ። ያመመኝ እንኳ ምግብ ቤት ስደርስ ነው።»

«ንጹሕ ሰው ታስሯል። ሚስቱ አራት ቀን በር ላይ ቁጭ ብላለች።»

 ሴትየዋ ወደ ውስጥ ገባች፤ ኢንስፔክተሯ እጇን ቀበቶዋ ላይ አድርጋ ተከተለቻት። ጠረጴዛው ላይ አንድ እሽግ አለ። አድራሻው የጣቢያው ነው፤ ጫፉ ታጥፏል። ውስጡ ቦርሳ ሰፊው ሰንጢውን የመለሰበት ካርድ አለ፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ «ጉልበቱ ላልቷል» የሚል፣ ቀኑም ስሙም ያለበት። ሌሎችም ካርዶች አሉ፣ እጅ ሙሉ።

«የዘገየሁት የዛሬውን ስፌት ላስፈታለት ብዬ ነው። ነገ ጠዋት ራሴ ይዤው እመጣ ነበር። አዝናለሁ ካልኩ በዚያ በታሰረው ሰውዬ ብቻ ነው። በሌላው አላዝንም። አትጻፊው ብልሽም ትጽፊዋለሽ።»

ደጅ ሲወጡ ወንድሟ ቆሟል። «በየትኛው እጅሽ ነው የቆረጥሽው?» አላት።

«በቀኜ።»

«የኔም ቀኙ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ችግኞቹ አዞረ። እሷም ጓንቷን በጥርሷ ስባ አጠለቀችና ወደ መኪናው ሄደች።

*

ቦርሳ ሰፊው ዓርብ ጠዋት ወጣ። ሚስቱ ባዶውን ምሳ ዕቃ ተቀብላው ለምን አፍህን አትዘጋም ስትለው እስከ መንገዱ ጥግ ተሰማ። ከመሄዱ በፊት ግን ሰንጢው ይመለስልኝ እንደሆን ጠይቋል፤ ግማሽ ቀን የለፋሁበት ስለት ነው አለ። ማስረጃ ነው ብላ መለሰችው።

አምስት ኮከብ እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ ከሰዓት መጣ። ፊቱ በርቷል። በገዛ መጋዘኔ እባብ ሳሳድግ ኖሬአለሁ፣ የሚገባትን ታገኛለች አለ፤ ሌላም ብዙ አለ። ኢንስፔክተሯ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ጉዳዩ አለቀ አይደል ሲላት፣ ያንተ አልቋል አለችው፤ እሷ ላደረገችው ትጠየቃለች፣ ቃሏንም ሰጥታለች።

«የኔ ነው የሚቀረው።»

«የምን ያንቺ?»

«እኔም ደንበኛህ ነኝ።»

መሳቢያዋን ከፍታ ትንሿን ሳጥን አወጣች። ጥርስ ያረፈበትን እርሳስ፣ በላስቲክ ያለችውን የብርቱካን ልጣጭ፣ የካርዶቹን ክምር ጎን ለጎን ደረደረች። ባለ ሱቁ የተመለሰ ዕቃ አንሸጥም፣ ይሄ የምቀኛ ወሬ ነው፣ ሰንጢው ምንም እንከን የለበትም አለ። ይህን ደግመህ በለው አለችው፤ ልጽፈው ነው። ደግሞ አለው። ጻፈችው፣ ፊደል በፊደል፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች።

ከዚያ ሰንጢውን አንስታ እፊቱ አስቀመጠችው።

«እንከን ከሌለበት ክፈተው። ከፍተህ ጫፉን ጠረጴዛው ላይ ጫን አድርገው። ከዚያ እኔ ካርዶቹን እመልሳለሁ፣ አንተም ወደ ቤትህ ትሄዳለህ።»

 ባለ ሱቁ ሰንጢውን አየው። ሳቅ ሞከረ፤ ሳቁ አልመጣለትም። ደህነኛው ግራ እጁ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሳበውና ጭኑ ሥር ደበቀው።

ኢንስፔክተሯ እስክሪብቶዋን አነሳች። ባዶው መስመር ላይ ጻፈች፦ ባለ ሱቁ የራሱን ዕቃ እንዲከፍት ተጠየቀ። እምቢ አለ።